የዩኒቨርሲቲ ስምና የምሩቃን ሥራ ማግኘት፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

በየዓመቱ ምሩቃን ጥቁር ካባቸውን አውልቀው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሲመለሱ ከጎረቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ልጅሽ የት ነው የተመረቀው?» የሚል። ጠያቂዋ ልጁ ምን እንደ ተማረ ማወቅ አይደለም የፈለገችው፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። እናትዮዋ «ስድስት ኪሎ» ብላ ከመለሰች ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሌላ ስም ከጠራች ግን ዩኒቨርሲቲው በየት በኩል እንደሚገኝ ጨምራ ማስረዳት ይኖርባታል። እኛም በሚመጣው ዓመት ከሚጠየቁት መካከል ስለ ሆንን፣ የዩኒቨርሲቲ ስም ሥራ በማግኘት ረገድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመመርመር ፈለግን። ለመመልከቻም አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን መረጥን። ለምን እነዚህን እንደ መረጥን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

አስቀድመን ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። ምሩቁ በጣት የሚቈጠር፣ የተማረ ሰው የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ግን ብዙ ነበርና። በ1954 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ኮሌጆች ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በደርግ ዘመን ደግሞ መንግሥት ራሱ ምሩቃንን በየመሥሪያ ቤቱ ይመድብ ስለ ነበረ፣ ስም የሚወዳደርበት ሜዳ አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ሲቀር፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም እየበዙ ሄደው የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሲሆኑ፣ አሠሪው ከብዙ ምሩቅ መካከል መምረጥ ግድ ሆነበት። ሕዝቡም ዩኒቨርሲቲዎቹን እንደ ዘር ሐረግ እየቈጠረ «አንደኛ ትውልድ»፣ «ሁለተኛ ትውልድ» ከዚያም «አራተኛ ትውልድ» ይላቸው ጀመር። መንግሥት በኋላ 8ቱን የምርምር፣ 15ቱን አፕላይድ፣ 21ዱን አጠቃላይ፣ 2ቱን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ብሎ ሲከፍላቸው ዐሳቡ የሥራ ድርሻቸውን ለመለየት ነበር፤ ብዙ ወላጆች ግን ክፍፍሉን እንደ ማዕረግ አነበቡት።

ለመሆኑ ስም በሥራ ገበያ ምን ያደርጋል? አሠሪ በፊቱ የተቀመጠውን ወጣት አያውቀውም። ሰነፍ ይሁን ትጉህ፣ ያጠናውን የተረዳ ይሁን የሸመደደ፣ ከሠራተኝነቱ በኋላ እንጂ በፊት ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ምልክት ይፈልጋል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የትምህርት ማስረጃ ለአሠሪ እንዲህ ያለ ምልክት ሆኖ እንደሚያገለግል አስረድተዋል፤ በ2001ም ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን ነገሩን ከሊቁ በፊት አውቀነዋል ማለት ይቻላል። «የሚሲዮን ልጅ ነው» ከተባለ ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ አሳምሮ ይናገራል፣ ሰዓትም ያከብራል ብሎ ይገምታል። ከክፍላችን ልጆች ውስጥ ሁለቱም የማይሆንላቸው ነበሩ፤ ስሙ ግን ለእነሱም እኩል ሠርቶላቸዋል።

ምልክት እውነተኛ የሚሆነው ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ራሱ መርጦ ሲቀበል ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያመለክቱት ብዙ ሺህ ተማሪዎች ጥቂቶቹን ብቻ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ስም ከትምህርቱም በላይ ምርጫውን ይመሰክራል። ዳሩ ግን እዚያም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ተከታትለው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ለተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙትን እርስ በርሳቸው ሲያነጻጽሩ፣ በስመ ጥሩ የተማረው ስሙ ካነሰው ከተማረው የሚበልጥ ገቢ በጠቅላላው አላገኙበትም። ልዩነት ያገኙት በድኾች ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ ነው። ለእነዚህ ስሙ ጠቅሟቸዋል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያጠኑ አማካይ ገቢ እምብዛም እንዳልተለወጠ፣ ከአንድ መቶ ሰው አንደኛው ከሚደርስበት ከፍተኛ ገቢ ላይ የመድረስ ዕድል ግን በግማሽ ያህል እንደ ጨመረ ገልጸዋል። እንግዲህ ስም የሚሠራው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ዘመድ በሌለው ሰው ዘንድና በከፍተኛው ወንበር በር ላይ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ተማሪዎችን በውጤታቸውና በምርጫቸው እያየ በየዩኒቨርሲቲው የሚደለድላቸው ትምህርት ሚኒስቴር ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝነት አዋጅ መሠረት የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት የጀመረው በቅርቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ፍለጋ ላይ ካሉት ምሩቃን የብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ስም ስለ ችሎታቸው የሚመሰክረው ጥቂት ነው፤ ይልቁንም የድልድሉን ውጤት ይነግረናል።

ለዚህ በሰበታ የምናውቃቸው ሁለት ጓደኛሞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከአንድ ክፍል ወጥተው፣ ተቀራራቢ ውጤት አምጥተው፣ ሁለቱም አዲስ አበባን በአንደኛ ምርጫነት ሞልተው ነበር። አንደኛው ደረሰው፤ ሁለተኛው የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ወደሚገኝ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ሁለቱም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አጠኑ። የመጀመሪያው በተለማማጅነት በሠራበት ድርጅት የሒሳብ ክፍሉ ሹም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ስለ ነበረ፣ ክፍት ቦታ መኖሩን ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ሰማ። ሁለተኛው ወደ ሰበታ ተመልሶ ማመልከቻ ይዞ ይዞር ጀመር። በአንድ ፋብሪካ በር ማመልከቻ የምትቀበለው ጸሐፊ ወረቀቱን አይታ «ይህ ደግሞ የት ነው?» ካለችው በኋላ ለብቻው አስቀመጠችው። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ፋብሪካ አመልካቾቹን ሁሉ አስቀምጦ የአንድ ወር ሒሳብ በፒችትሪ እንዲዘጉ ፈተናቸው። የእኛ ሰው አንደኛ ወጣ። ዛሬ የሁለቱ ደመወዝ ያን ያህል አይራራቅም። ልዩነቱ ያ ስምንት ወር ነው፤ አባቱ በጡረታ ለሚተዳደር ቤት ስምንት ወር ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት ታናሽ እኅቱ ከግል ትምህርት ቤት ወጥታለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያው ልጅ የሠራለት ስሙ ነውን? እኛ እንደሚመስለን ግማሹ ስሙ፣ ግማሹ ደግሞ ቦታው ነው። በአዲስ አበባ የሚማር ሰው የአራት ኪሎን የማስታወቂያ ሰሌዳ በመንገዱ ያነባል፤ የሚለማመደው በዚያው፣ የሚተዋወቀውም ከዚያው ሰው ጋር ነው። ሦስቱን ከተሞች የመረጥናቸውም ስለዚህ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ከከተማው ጠርዝ ጋር ተያይዛ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከእነዚህ የሚወጣ ልጅ ሩቅ አገር ቢማርም ቤቱ የሚመለሰው ከዋና ከተማው ደጃፍ ነው። ቦታ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን የስሙ ጕዳይ ባላሳሰበው ነበር። የሰበታው ልጅ ግን ቤቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ ስምንት ወር ቆይቷል፤ ምክንያቱም ሰው የሚተዋወቀው ቤቱ ባለበት ብቻ ሳይሆን በተማረበት ቦታ ጭምር ነው።

በየፋብሪካው አጥርና በየመንገዱ ምሰሶ የተለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች እየዞርን ስናነብ አንድ ሐረግ ደጋግሞ አጋጠመን፤ «ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የተመረቀ» ይላል። «የታወቀ» ማለት በሕግ አነጋገር ዕውቅና የተሰጠው ማለት ነው፤ ዕውቅና ካለው ተቋም የተሰጠ ዲግሪ ሁሉ በዚህ እኩል ነው። ነገር ግን ቃሉ በአማርኛችን ዝነኛ ማለትም ስለ ሆነ፣ ብዙ ምሩቅ ማስታወቂያውን አንብቦ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። አንዳንድ ቀጣሪም በዚያው ትርጕም ሳይጠቀምበት አልቀረም። በአንዲት ቃል ሁለት ትርጕም የተነሣ ማመልከቻውን ሳያስገባ የቀረውን ሰው ማንም አይቈጥረውም።

በቡራዩ ያየነው ደግሞ የስምን ወሰን ያሳያል። በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ቦታ ከተወዳደሩት መካከል አንዱ ከስድስት ኪሎ የተመረቀ፣ አንዷ ከግል ኮሌጅ የወጣች ነበሩ። የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እርሷ በቁቤ ደብዳቤ አርቅቃ ስትሰጥ እርሱ አልቻለም፤ ቦታውን እርሷ አገኘች። በዚህ ውስጥ የምናማርረው ነገር አናይም፤ ባለ ጕዳዩ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ የሥራው ዋና ክፍል ነውና።

ይህች ወጣት ለውድድሩ የበቃችው አስቀድማ የመውጫ ፈተናውን ስላለፈች ነው። ፈተናው ለመንግሥትም ለግልም ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054ቱ አልፈዋል። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ ያለፉት። ይህ ቍጥር የግል ኮሌጆችን ስም ክፉኛ ጐዳው። ዳሩ ግን ቍጥሩን በደንብ ላነበበው ተቃራኒውን ያስተምራል። ከግል ተቋማት ያለፉት 12,422 ወጣቶች ከመንግሥት ተቋማት ካለፉት ጋር አንድ ዐይነት መለኪያ አልፈዋል፤ አማካዩ የእነርሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የኮሌጃቸውን ስም አይቶ ወረቀታቸውን የሚያስቀምጥ አሠሪ ያለቀለትን ፈተና በግምት ይሽረዋል። አሠሪዎቹ እንዲህ ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ግን ፍሬ የሌለው አይደለም፤ ፈተናው አለፈ ወይም ወደቀ ከማለት በቀር ወጣቱ ምን መሥራት እንደሚችል አይነግረንም ይላሉ። ዝርዝር በሌለበት ወደ ስም ይመለሳሉ።

በሱሉልታ የምንጭ ውሃ በሚያሽግ አንድ ፋብሪካ ያነጋገርናቸው የሠራተኞች ጕዳይ ኃላፊ ግን አሳቁን። ዩኒቨርሲቲውን ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩን። «መጀመሪያ የምጠይቀው የት ነው የምትኖረው ብዬ ነው፤ ሰርቪሱ ከአዲሱ ገበያ ገና ሳይነጋ ይነሣል፣ የሱሉልታ ልጅ ግን በእግሩ ይደርሳል» አሉ። ቀጥለውም ስለ ሠራተኛ ምርጫ ቁም ነገር ሲያወሩ፣ ተለማማጅ ሆኖ ሦስት ወር አብሯቸው የቆየን ልጅ ከማንኛውም ወረቀት አስበልጠው እንደሚያምኑ ነገሩን። አብረውት ስለ ሠሩ ያውቁታል፤ ስሙ የሚተካው ዕውቀት እጃቸው ላይ አለ።

ከዚህ በመነሣት ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ሆነን አንድ ጥያቄ ለክፍላችን ኃላፊ አቅርበናል። ይኸውም ለእያንዳንዱ ተመራቂ ከውጤት ማስረጃው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት እንዲጨመርለት ነው፤ በወረቀቱም የመመረቂያ ሥራው ምን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ተለማመደ፣ በእጁ ምን ሠርቶ እንዳሳየ መምህሩ እንዲመሰክርለት፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛም እንዲጻፍ ጠይቀናል። የሰበታው ወዳጃችን እንዲህ ያለ ገጽ ይዞ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊዋ ሌላ የምታነበው ነገር ታገኝ ነበር። ኃላፊው ዐሳቡን ለመምህራን ጉባኤ እንደሚያቀርቡት ነግረውናል፤ የሚሰጠውን መልስ በሚቀጥለው እትም እንገልጻለን።