ውጥረት፣ የጨጓራ ሕመምና ድባቴ የሚገናኙበት መንገድ

ሥር የሰደደ ውጥረት ጨጓራንና አንጀትን የሚያውከውም ሆነ ሰውን ለድባቴ የሚያጋልጠው በአብዛኛው በተመሳሳይ ሆርሞኖች፣ ነርቮችና የመከላከያ ሴሎች አማካይነት ነው። በሥራ ማጣት፣ በዕዳ፣ በስደት ወይም በቤት ውስጥ ጠብ ለወራት የተወጠረ ሰው ቃርና የሆድ መነፋት ሲበረታበት፣ እንቅልፍ ሲነሳውና ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ሲያስጠላው፣ ሁለት የማይተዋወቁ በሽታዎች በአጋጣሚ ደረሱበት ማለት አይደለም። ይህን ግንኙነት ያስረዳል ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው ማብራሪያ ግን ስህተት ነው፤ ያውም ሰውን ከሕክምና የሚያርቅ ስህተት።

ማብራሪያው እንዲህ ይላል፦ የደስታ ሆርሞን የሚባለው ሴሮቶኒን 90 በመቶው የሚመረተው በአንጀት ስለሆነ አንጀቱን ያጸዳ ከድባቴ ይድናል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ከቁጥሩ አይወጣም። በአንጀት የተመረተ ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን መከላከያ አልፎ ወደ አንጎል አይገባም። አንጎል የሚያስፈልገውን ሴሮቶኒን ትሪፕቶፋን ከተባለው አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራል። የአንጀቱ ሴሮቶኒን የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል፣ ማስመለስን ይቀሰቅሳል፣ በአንጀት ግድግዳ ያሉ የነርቭ ጫፎችን ያነቃል። ሴሮቶኒንን የሚነኩ የድባቴ መድኃኒቶች የጀመሩ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያቅለሸልሻቸውም ለዚህ ነው። ይህን ወሬ አምኖ የታዘዘለትን መድኃኒት አቋርጦ የአንጀት ማጽጃ የሚጠጣ ሰው ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል።

የውጥረት መሠረታዊ አሠራር በየመማሪያ መጽሐፉ ያለ ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሲአርኤች የተሰኘውን ሆርሞን ይለቃል፤ ፒቱታሪ ዕጢ መልእክቱን ይቀበላል፤ በመጨረሻም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ሐንስ ሰልየ በሞንትሪያል ሆኖ በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በብርድ፣ በጉዳትና በከባድ እንቅስቃሴ የተሠቃዩ አይጦች አድሬናል ዕጢያቸው እንዳበጠና ጨጓራቸው እንደቆሰለ አሳይቷል።

የሚበዛው ሰው ትኩረት የሚሰጠው ለኮርቲሶል ነው፤ ስለ ሆድ ሲነሳ ግን ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ያለው ሲአርኤች ይበልጥ ያስረዳል። ይህ ሞለኪውል በአንጎል ውስጥ ፍርሃትንና ንቃትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። በዚያው ጊዜ ከአንጎል ወደ ሆድ በሚወርዱ ነርቮች በኩል የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፣ የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ደግሞ ያፋጥናል። ለፈተና ወይም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠባበቅ ሰው ምግብ አልወርድለት እያለ መጸዳጃ ቤት የሚመላለሰው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንጎል የተመረተው ሲአርኤች ብቻም አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ ያሉ ሴሎችም ይህንኑ ሆርሞን ያመነጫሉ፣ ተቀባዩም አጠገባቸው አለ።

ተቀባዮቹ ከሚገኙባቸው ሴሎች አንዱ ማስት ሴል ነው። ማስት ሴሎች በአለርጂ ጊዜ ሂስታሚን የሚለቁ የመከላከያ ሴሎች ሲሆኑ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከነርቭ ጫፎች ጎን ይገኛሉ። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ጤናማ ሰዎች በሌሎች ፊት ንግግር እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። በንግግሩ ኮርቲሶላቸው ከፍ ባለው ላይ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ከወትሮው በላይ ነገር የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ሲአርኤች በመርፌ ሲሰጥም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። ማስት ሴሎችን የሚያረጋጋ መድኃኒት አስቀድመው የወሰዱት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ከንግግር ፍርሃት እስከ አንጀት ግድግዳ ያለው መንገድ በማስት ሴሎች በኩል ያልፋል ማለት ነው። (ግድግዳው ያሳልፋል ሲባል ተበሳ ማለት አይደለም፤ በሴሎች መካከል ያለው መጋጠሚያ ለጥቂት ጊዜ ይላላል እንጂ። ‹‹የሚያፈስ አንጀት›› እያሉ ዱቄትና እንክብል የሚሸጡ ይህን ልዩነት አይነግሩም።)

ማስት ሴሎች የሚለቋቸው ኬሚካሎች አጠገባቸው ያሉትን የሕመም ነርቮች ያስቆጣሉ። ይህ ለወራት ሲደጋገም ነርቮቹ ሌባ አንድ ጊዜ እንደገባበት ግቢ ውሻ ይሆናሉ፤ ነፋስ በሩን ሲያንኳኳም ይጮኻሉ። ተራ የምግብ መጠን፣ ተራ ጋዝ፣ የአንጀት ተራ እንቅስቃሴ ሕመም ሆኖ ይሰማል። የኢንዶስኮፒ ምርመራ ምንም ቁስል ሳያሳይ በሽተኛው በእውነት የሚታመመው በዚህ ሁኔታ ነው፤ ‹‹ምንም የለብህም›› የሚለው መልስ ልክ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

መንገዱ ከሆድ ወደ ላይም ይሠራል። ከአንጎል ግንድ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ካሉት ክሮች 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚወስዱት ከአካል ክፍሎች ወደ አንጎል ነው። ሌላው መንገድ የመከላከያ ሥርዓቱ ነው፤ በብግነት ጊዜ የሚለቀቁት ሳይቶካይኖች በደም በኩልም በቬገስ በኩልም አንጎልን ይደርሱታል። ሳይቶካይን ድባቴ ሊያመጣ እንደሚችል ከግምት ያለፈ ማስረጃ አለ። በ2001 በታተመ ጥናት፣ ለቆዳ ካንሰር ኢንተርፌሮን አልፋ የተባለው ሳይቶካይን ከተሰጣቸው በሽተኞች መካከል አስቀድሞ የድባቴ መድኃኒት ካልወሰዱት 45 በመቶው፣ ከወሰዱት ደግሞ 11 በመቶው ብቻ ከባድ ድባቴ ይዟቸዋል። በአውስትራሊያ ሰዎችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናትም ሁለቱን አቅጣጫዎች አግኝቷል፦ መጀመሪያ ጭንቀት የነበረባቸው ኋላ የሆድ ሕመም ይዟቸዋል፤ መጀመሪያ የሆድ ሕመም ብቻ የነበረባቸው ኋላ ጭንቀትና ድባቴ አድሮባቸዋል።

ሁሉም ነገር ግን ተፈቷል ማለት አይቻልም። በኢንተርፌሮን የሚሰጠው የብግነት መጠን የተወጠረ ሰው ሰውነት ከሚያመነጨው እጅግ ይበልጣል። የድባቴ በሽተኞች ሁሉ ኮርቲሶላቸውም ሆነ የብግነት ምልክታቸው ከፍ ያለ አይደለም። የሲአርኤችን ተቀባይ እንዲዘጉ የተሠሩ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ተስፋ ቢሰጡም በሰው ላይ ለሆድ ሕመምም ሆነ ለድባቴ የተጠበቀውን ውጤት አላመጡም። ይህ ከላይ የተነገረውን ባይሽረውም አንድ ሞለኪውል ብቻውን ሁሉን እንደማይመራ ያሳያል። ስለ አንጀት ባክቴሪያዎች የሚባለውም እንዲሁ ነው። በጃፓን ሱዶና ባልደረቦቹ በ2004 ያለ ምንም ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ለውጥረት የሚሰጡት የሆርሞን ምላሽ ከመጠን ያለፈ መሆኑን አሳይተዋል፤ ያለ ባክቴሪያ የሚያድግ ሰው ግን የለም።

በኢትዮጵያ ነገሩን የሚያወሳስበው ኤች ፓይሎሪ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት እንደሚያመጣ በማሳየታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ውጥረት ከጨጓራ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ይላሉ። ይህም ችኮላ ነው። በ1995 ከጃፓኑ የኮቤ መሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ጨምሮ ነበር፤ ባክቴሪያው ግን ከመንቀጥቀጡ በፊትም በሰዎቹ ሆድ ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዞ ይኖራል፤ አብዛኛው ቁስለት አይወጣበትም። ስለዚህ ሰገራ ተመርምሮ ‹‹ኤች ፓይሎሪ አለ›› መባሉ ብቻ የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም። ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው እንደገና ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ከመዋጡ በፊት ባክቴሪያው በእርግጥ መኖሩ በምርመራ ሊታይ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ስሜቱና ስለ ኑሮው ጫናም ሊጠየቅ ይገባል። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መውሰዱም እንዲሁ።

ሕክምናው የሆድ ሕመምንና የድባቴን ግንኙነት ይከተላል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒት ለድባቴ ከሚሰጠው እጅግ ባነሰ መጠን የሆድ ሕመምን ነርቮች ያረጋጋል፤ በእንግሊዝ አገር 463 የአንጀት መቆጣት በሽተኞችን ይዞ በ2023 የታተመ ጥናት መድኃኒት ከሌለበት እንክብል የተሻለ መሆኑን አረጋግጧል። በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ በቂ እንቅልፍና አካላዊ እንቅስቃሴም ይረዳሉ። ድባቴው ከበረታ፣ በተለይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ የሆዱ ነገር እስኪለይ መጠበቅ አይገባም። ክብደት ያለምክንያት መቀነስ፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገርና የደም ማነስ ሲኖሩ ደግሞ በውጥረት ሳያሳብቡ በአስቸኳይ መመርመር ያስፈልጋል።