ሳሙና ከሰሊጥ አገር

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን፣ አካባቢው ሰሊጥ ይመረትበታል፣ ከብት ይረባበታል። ሰሊጡ በኩንታል ተጭኖ ይወጣል፤ ሳሙናው በካርቶን ተጭኖ ይገባል። ሳሙና ለመሥራት የሚያስፈልገው ግን ቅባት፣ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ብቻ ነው። ሁለቱ እደጅ አሉ፤ ሦስተኛው ይገዛል። የሥራው ሙያም አደጋውም ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ቅባትና ሶዳ በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ቅባቱ ይፈርሳል፤ ከውስጡ የወጡት አሲዶች ከሶዳው ጋር ተጣምረው ሳሙና ይሆናሉ፣ ግሊሰሪንም ይተርፋል። የሳሙናው ቅንጣት አንድ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ እድፍን ከልብስና ከገላ አላቆ ከውሃው ጋር የሚያስኬደው ይኸው ጠባዩ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ግሊሰሪኑን ለይተው ለሌላ ገበያ ያውሉታል። በቤት በሚሠራው ሳሙና ውስጥ ግን እዚያው ይቀራል፤ ቆዳን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። ወደ ሶዳው ስንመለስ፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን በ1791 (እ.ኤ.አ.) ሶዲየም ካርቦኔት የተባለውን ሶዳ ከገበታ ጨው የማውጣት ዘዴ እስኪያስመዘግብ ድረስ የዓለም ሳሙና ሠሪዎች የሚተማመኑት በአብዛኛው በአመድ ላይ ነበር። አመድ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ኃይሉ ከእንጨት እንጨት ስለሚለያይ ለጀማሪ አይመከርም።

የሰሊጥ ዘይት ብቻውን ለገላ የሚመች፣ ግን ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ይወጣዋል። የከብት ሞራ በአንጻሩ ጠጣር ሳሙና ይሰጣል። ሁለቱ እኩል ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሞራው አስቀድሞ በቀስታ እሳት ይቀልጣል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፤ ሥጋ ከቀረበት ይሸታል።

እያንዳንዱ ቅባት የሚፈልገው የሶዳ መጠን የታወቀ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም የሰሊጥ ዘይት 134 ግራም ገደማ፣ ለ1 ኪሎ የከብት ሞራ ደግሞ 140 ግራም ገደማ ንጹህ ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ዘይትና ግማሽ ኪሎ ሞራ 137 ግራም ይጠይቃሉ ማለት ነው። ከዚህ ላይ አምስት በመቶ ተቀንሶ 130 ግራም ይደረጋል፤ ጥቂት ቅባት ሳይለወጥ ቢቀር ገላን ያለዝባል፣ ሶዳ ቢተርፍ ግን ያቃጥላል። ውሃው 330 ግራም ይሁን። ሁሉም በሚዛን እንጂ በሲኒ ወይም በጣሳ አይሰፈርም፤ የኑግ ዘይት ወይም የሱቅ ዘይት ሲተካም ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

ሥራው ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ተደርጎ ይጀመራል። ሶዳው ቀስ እየተባለ ውሃው ላይ ይበተናል። ውሃ በሶዳ ላይ ከፈሰሰ ግን ፈልቶ ይረጫል። ድብልቁ እሳት ሳይነካው ለመፍላት እስኪቃረብ ይግላል፣ ትነቱም ያፍናል። ዕቃው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። በየቤቱ የሚገኘው የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው ብረቱን እየበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ቆዳ ላይ ከነካ ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ ነው፤ ዓይን ከነካ እየታጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ሶዳውም ቅባቱም ለብ ሲሉ ሶዳው በቅባቱ ላይ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ በእንጨት ይማሰላል። በእጅ ሲማሰል አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ፌስታል በተነጠፈበት ካርቶን ይገለበጣል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በቢላ ተቆርጦ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ተደርድሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የቀረው ሶዳ ሥራውን ይጨርሳል፣ ውሃው ይተናል፣ ሳሙናው ይጠነክራል። የሰሊጥ ዘይት ውድ ስለሆነ ይህ ሳሙና ከሱቁ የልብስ ሳሙና ጋር በዋጋ አይወዳደርም፤ ቦታው ለገላና ለስጦታ ነው።

ለልብስማ ከዚህ ሁሉ በፊት እንዶድ ነበር። በወይና ደጋና በደጋ የሚያድግ ተሳቢ ተክል ነው፤ ሳንጃ ቆላ ስለሆነች የሚፈለገው ከወደ ከፍታው ነው። አረንጓዴ ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፣ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሳፖኒን በተባለው ንጥረ ነገር አረፋ ይደፍቃል። ሶዳም ቅባትም አይፈልግም። ለጥምቀትና ለፋሲካ ነጠላና ጋቢ ሲነጣ የኖረው በእሱ ነው።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ ግኝቱ ትልቅ ተስፋ ሰጠ። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ነገሩ ሳንጃን በቀጥታ ይመለከታታል፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጥናቶች በከተማዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ቢልሃርዚያ አግኝተዋል። ይሁንና እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፣ በወራጅ ወንዝም ቶሎ ይቀጥናል። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ የሚሻለው ውሃውን ቀድቶ እቤት ማጠብ፣ እጣቢውንም ከወንዙ አርቆ መድፋት ነው። እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ስለሆነ ከእህል ዱቄት ጋር አይቀመጥም።

ሳሙና በስጦታ ሲሰጥ ከምን እንደተሠራ መናገር ደግ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በሚጎራበቱበት አገር የከብቱን ሞራ ማን እንዳረደው የሚያስጨንቀው ሰው አይጠፋም፤ ለእንዲህ ያለው ጎረቤት ከሰሊጥ ብቻ የተሠራው ይሰጠዋል። አምስት በመቶው ሲቀነስ አንዱ ኪሎ ዘይት 127 ግራም ሶዳ ይበቃዋል፤ ማድረቂያ ጊዜው ግን ይረዝማል። ለአራስ ጥየቃ የሚወሰደው ሽታ አይጨመርበት። ጊዜውም ከአዝመራው ጋር ይገጥማል፦ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ አዲሱ ሰሊጥ ሲገባ፣ ባለ ሞራው ሳሙና እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢሠራ ለገና ይደርሳል።