የዛገች ኮምቢን በቤት ስለ ማደስ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 በጀርመን አገር መሠራት የጀመረችው የቮልስዋገን ኮምቢ፣ በ2013 በብራዚል ማብቂያዋ ሆነ፡፡ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአብዛኞቹ ላይ በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ ሆዷ ሰፊ ስለ ሆነ ብዙዎች መኝታ ሠርተውባታል፡፡ እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ጉም በሚያዘወትረው በአንኮበር ጎረቤላ ግቢ ብትቆም ጠላቷ ዝገት ነው፤ ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኙት ይዝጋልና፡፡

ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት፣ በእኛ አስተያየት፣ ቁስልን ሳያጥቡ በነጠላ መሸፈን ነው፡፡ ኮምቢ ከአካሏ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚይዙት ወለሏና ከበሮቿ ሥር ያለው ሣጥን መሳይ ላሜራ ናቸው፡፡ ስለዚህ በመዶሻ እየነኩ መርምሮ፣ ዝገት የበላውን እስከ ደኅናው ብረት ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ መበየድ ግድ ነው፡፡ ሳይቈረጥ በፊት ከታች በእንጨት ካልተደገፈች ግን ወገቧ ይጐብጣል፤ በሮቿም አይገጥሙም፡፡ ከብየዳው በፊት የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ይውጣ፤ ባዶም ቢሆን ትነቱ ይፈነዳልና ይህን የባትላሜራ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፡፡

መጋረጃውና ፍራሹ ይቈዩ፤ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በመጋረጃ አይቆምም፡፡ የፍሬን ቧንቧም ብረት ነው፤ ዝገት ከጠቃጠቀው ሙሉውን መለወጥ እንጂ መጠገን የለም፡፡