ራሱን የሚወልድ ዜማ፦ ኦቲዝምና የሞጁላር ሲንተሳይዘር

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ሙዚቃ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ዘፋኙ ነው። ግጥሙ ምን ይላል? ድምፁስ ያምራል? ያስጨፍራል? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም የማይመልስ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ሲገጥመን ግራ ይገባናል። ሰውየው ኦቲዝም ያለበት ሲሆን ደግሞ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱንም ነው። ሁለቱ ለምን እንደተገናኙ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው። ሲንተሳይዘር ሲባል አብዛኞቻችን የሚታወሰን በየሠርጉ የምናየው ኪቦርድ ነው። ሞጁላር ሲንተሳይዘር ግን ብዙውን ጊዜ ኪቦርድ የለውም። በአንድ ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ፣ ሞጁል የሚባሉ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ስብስብ ነው። አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ያጣራዋል፣ ሦስተኛው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አስቀድሞ አልተወሰነም፤ ሙዚቀኛው በገመድ ያገናኛቸዋል። ሥራውን በ1960ዎቹ አጋማሽ ለየብቻቸው የጀመሩት አሜሪካውያኑ ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ ናቸው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን ዩሮራክ የተባለ ልክ ደግሞ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ አስተዋወቀ።

በገመዶቹ ውስጥ የሚሄደው ቮልቴጅ ነው። በዩሮራክ ልማድ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። እንግዲህ ቮልቴጁን የሚለዋውጠው የግድ የሰው ጣት መሆን የለበትም፤ ሌላ ሞጁልም ሊሆን ይችላል። የጀነሬቲቭ ሙዚቃ ምስጢሩ ይኸው ነው። ሙዚቀኛው ዜማውን አይጽፍም፤ ዜማውን የሚወልደውን ሥርዓት ይሠራል። ስያሜውን በ1990ዎቹ ያስፋፋው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ሲሆን፣ በ1978 ባወጣው «ሙዚክ ፎር ኤርፖርትስ» በተሰኘው አልበሙ ርዝመታቸው የተለያየ የቴፕ ዙሮችን ጎን ለጎን በማዞር ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ነበር።

ይህ ዘዴ ለእኛ ባዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 4ን፣ 7ንና 19ን በማባዛት የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር አግኝተዋል። እያንዳንዱ ዑደት አጭር ነው፤ ሦስቱ ተመልሰው በአንድነት የሚገጥሙት ግን ከ532 ዓመት በኋላ ነው። በሙዚቃም እንደዚሁ። አንዱ ድምፅ በየ23፣ ሌላው በየ29፣ ሦስተኛው በየ31 ሰከንዱ ቢመላለስ፣ አነሣሣቸው የሚደገመው ከ20,677 ሰከንድ በኋላ ነው፤ 5 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ግን የግማሽ ቀን ያህል ሙዚቃ!

እኔ የምሠራበት መንገድ ይህን ይመስላል። አንድ ሞጁል በዘፈቀደ ቮልቴጅ ያወጣል። ያ ቮልቴጅ ኳንታይዘር ወደሚባል ሞጁል ይገባል፤ ኳንታይዘሩም ወደ ፈቀድኩለት ድምፅ ብቻ ይጠጋጋል። የምፈቅደው አብዛኛውን ጊዜ የትዝታን ቅኝት ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከዚያ ድምፁ በፊልተር ይለሰልሳል፣ ረጅም ማሚቶ ይጨመርበታል። የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ከአምስቱ ውጭ እንደማይመጣ፣ ሳይታሰብ እንደማይጮኽ ግን አውቃለሁ።

ጉዳዩ ከኦቲዝም ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ጥፋትም አይደለም። አብሮን የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለመሳሰሉት ያለ የበዛ ወይም ያነሰ ስሜት ከመለያዎቹ አንዱ ሆኗል። ዳይና መሪና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ትኩረት በጥቂት ነገር ላይ በጥልቀት እንደሚፈስ አስረድተዋል። ሁለቱም እኔን ይገልጹኛል። ያልጠበቅሁት የማይክ ጩኸት ጥርሴ ሥር ይገባል። አንድ ድምፅ በፊልተር ውስጥ ቀስ እያለ ሲከፈት ግን ሁለት ሰዓት ሳልሰለች እሰማዋለሁ።

ሰው ሁሉ «ለውጥ ትጠላለህ» ይለኛል። ለውጥ አልጠላም፤ ወሰን የሌለው ለውጥ ነው የሚያደክመኝ። በሞጁላሩ ላይ ወሰኑን የማበጀው ራሴ ነኝ። ዛሬ ዘፈቀዱን በትንሹ እከፍተዋለሁ፣ ነገ ጨመር አደርጋለሁ። መሣሪያው ዓይን ዓይኔን አያይም፣ ቶሎ መልስ አይለኝም። ምክንያትና ውጤቱ በገመድ ተያይዞ ፊት ለፊቴ ይታያል። ከሰው ጋር ሳወራ ያ ገመድ አይታየኝም።

ይህ ሕክምና ነው እያልኩ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይወዳል ማለትም አይደለም፤ ከበሮና ጩኸት የሚያረጋጋው አለ። ሞጁላር መሣሪያም ውድ ነው። ለመሞከር የሚፈልግ ግን በ2017 የወጣውን ቪሲቪ ራክ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ አውርዶ ተመሳሳዩን አሠራር ሊማርበት ይችላል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በአገር ቤት ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ብዙ ልጆች ከጎረቤት ዓይን ተሰውረው ነበር። በውጭ አገር ያለነውስ? ልጁ በማኅበርና በልደት ድግስ ላይ ጆሮውን ሲይዝ «ባለጌ»፣ ትልቁ ሰው ቶሎ ሲወጣ «ኩራተኛ» እንላለን። በገና ደርዳሪ ለብቻው ተቀምጦ ያንኑ የሚነዝር አውታር ረጅም ሰዓት ሲደረድር ግን ተመስጦ ነው ብለን እናከብረዋለን። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለአንዱ ስም አለን፣ ለሌላው የለንም።

ስለዚህ ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ የማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ዑደቱን የሚያዳምጥ ከሆነ ጎትታችሁ ከማንሣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና ምን እንደሚሰማ ስሙ። በድግሳችሁም ላይ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ክፍት አድርጉ። ወጪ የለውም። ያ ልጅ ግን ከቤት ሳይቀር ከወገኑ ጋር በዓል ያከብርበታል።

ቸር ይግጠመን።