በስፖርት አውቶሞቢል ረጅም ጕዞ ስለ ማድረግ፤ የምቾትና የጽናት ጥያቄ

ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል የስፖርት አውቶሞቢል ያለው ሰው የለም፤ በቅርቡም ይኖረዋል ብለን አንገምትም። ታዲያ ስለማይነዱት ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን የስፖርት አውቶሞቢል ከሌላው መኪና ሁሉ ይልቅ የመንገዱን ጠባይ ሳይደብቅ ወደ ሰው ገላ የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ሰው በረጅም ጕዞ ለምን እንደሚደክም ለመመርመር የሚመች ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረውም፥ ምቾት የቅንጦት ጕዳይ ሳይሆን የጽናት አንዱ ክፍል መሆኑን፥ ነጂውም ስለ ገዛ ድካሙ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የማይታመን መሆኑን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞላው እንናገር። ማንኛውም መኪና በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ክብደት ነው። ክብደቱ ሞላውን ምን ያህል እንደ ተጫነው የታወቀ እንደ ሆነ፥ መኪናው በሴኮንድ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል በቀላሉ ይገኛል፤ ይኸውም መጨመቁን በሜትር ለክቶ ግማሽን ለዚያ ቍጥር ካሬ ሥር ማካፈል ነው። ሞላው 25 ሳንቲሜትር ከተጨመቀ መኪናው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ይህ የትልልቆቹና የለስላሶቹ አውቶሞቢሎች ጠባይ ነው። መጨመቁ 6 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ግን ውዝዋዜው ወደ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የስፖርት አውቶሞቢል ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል።

ሠሪው ይህን ያደረገው በተሳፋሪው ላይ ጨክኖ አይደለም። መኪናው ለመሬት የቀረበ ስለ ሆነ ሞላው ወደ ታች የሚወርድበት ስፍራ የለውም፤ ደግሞም በኩርባ ላይ ሲዞር እንዳያጋድል ሞላው ጠንካራ ሊሆን ይገባል። አሞርቲዛተሩም እንዲሁ ጠንከር ይላል። ስለዚህ ለኩርባ የተሠራው ጥንካሬ በቀጥታው መንገድ ላይ በጀርባችን ይከፈላል። ዛሬ አሞርቲዛተራቸው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ አንዴ የሚጠነክር አንዴ የሚለሰልስ መኪናዎች ስላሉ ችግሩ ቀንሷል፤ ጨርሶ ጠፍቷል ግን አይባልም።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። የሰው ገላም በበኩሉ እንደ ሞላና ክብደት ነው። የተቀመጠ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሲናወጥ፥ ንውጥውጡ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሆነ እንደ ሆነ ደረቱና ሆዱ የሚቀበሉትን እንቅስቃሴ ከመቀነስ ይልቅ ያባዙታል። ለስላሳው ሞላ በዚህ ክልል ያለውን መናወጥ አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ጠንካራው ግን ያሳልፈዋል። ያን ጊዜ የጀርባ ጡንቻዎች ለእያንዳንዱ ድንጋይ መልስ ለመስጠት ይኰማተራሉ። ሰውየው ተቀምጦ የዋለ ይመስለዋል እንጂ ጡንቻው ሲሠራ ውሏል።

ባለፈው የዕረፍት ወራት ሦስት ሆነን በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስንሄድ ይህንኑ በገላችን አይተነዋል። ሁለታችን ከኋላ ጐማ በስተኋላ፥ አንደኛው መካከል ላይ ተቀምጠን ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ሁለቱ ወገባቸውን ይዘው ሲወርዱ ሦስተኛው ምሳ ለማዘዝ ቀድሟቸው ሮጠ። ከምሳ በኋላ ቦታ ብንለዋወጥ ደሴ ላይ ወገቡን የያዘው እርሱ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው በፊትና በኋላ እንደ ሚዛን ዘንግ ሲነሣና ሲወድቅ መካከሉ ጥቂት፥ ጫፉ ግን ብዙ ይንቀሳቀሳል። የሁለት ሰው የስፖርት አውቶሞቢል በብዙ ዓይነቱ ነጂውን የሚያስቀምጠው ወደ ኋላ ጐማ አቅርቦ ነው።

ስለ መቀመጫው ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለናል። ለረጅም መንገድ እንደ ሶፋ የለሰለሰ መቀመጫ ይሻላል ይባላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መቀመጫ ገላን አይዝም። በኩርባ ላይ ወደ ጐን የሚገፋው ኀይል የክብደት ግማሽ ያህል ቢሆን፥ 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በ35 ኪሎ ያህል ወደ ጐን ይገፋል። የመቀመጫው ጐንና ጐን ካልያዘው ጕልበቱን በበሩ ላይ አስደግፎ፥ መሪውን ጨብጦ ራሱን ይይዛል። በዚህ ረገድ ገላን አቅፎ የሚይዘው የስፖርት መቀመጫ ደረቅም ቢሆን ከሶፋው ይበልጣል። ስለ አከርካሪውም ቢሆን፥ ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ በአከርካሪ አጥንት መካከል ባለው ልስልስ አካል ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቶ፥ ያለ ድጋፍ የተቀመጠ ሰው ከቆመው የበለጠ ግፊት እንዳለበት ጽፎ ነበር። በ1999 በጀርመን አገር በአንድ ሰው ላይ እንደገና ሲለካ ልዩነቱ እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ጀርባን ወደ ኋላ አስደግፎ መቀመጥ ግፊቱን እንደሚቀንስ ሁለቱም ይስማማሉ፤ እኛም ለመንገደኛው የሚበቃው ይኸው ነው እንላለን።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ አንድ ላይ የታየበት ጕዞ በግንቦት 1955 በኢጣልያ አገር የተደረገው ሚሌ ሚሊያ የተባለው ውድድር ነው። መንገዱ ከብሬሻ ተነሥቶ በሮማ በኩል ዞሮ ወደ ብሬሻ የሚመለስ፥ ርዝመቱም 1,597 ኪሎሜትር የሆነ ተራ የሕዝብ መንገድ ነበር። እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ክፍት በሆነ መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ.ኤል.አር. በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ጨረሰው፤ ይህም በሰዓት 157 ኪሎሜትር ከግማሽ ያህል ነው። በመኪናው ላይ የተጻፈው ቍጥር 722 ነበር፤ ትርጕሙም የመነሻው ሰዓት ነው፤ በእኛ ቢቈጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ መሆኑ ነው።

ለእኛ ከአሸናፊው ይልቅ የሚያስደንቀን አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን ነው። ይህ ሰው መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶ ኩርባውንና ጕብታውን 5 ሜትር ያህል በሚረዝም ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፥ ወረቀቱን መስኮት ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ እየጠቀለለ ያነብ ነበር። ጩኸት ስለሚከለክል የሚመጣውን ኩርባ ለሞስ የሚያስታውቀው በእጅ ምልክት ነው። በመንገድ ላይ ወደ ውጭ ሲያስታውክ ነፋሱ መነጽሩን ወሰደበት፤ ደግነቱ ሌላ መነጽር ይዞ ነበርና ማንበቡን ቀጠለ። ሞስ ግን አላስታወከም።

በአንድ መኪና፥ በአንድ መንገድ፥ በአንድ ፍጥነት እየሄዱ አንዱ ታሞ ሌላው የዳነበት ምክንያት ምንድን ነው? በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የገላን መዞርና መወርወር የሚያውቅ አካል አለ። ዐይን ከወረቀት ላይ ሲተከል «ምንም አልተንቀሳቀስሁም» ይላል፤ ጆሮ ደግሞ «ወደ ቀኝ ተወረወርሁ» ይላል። የሁለቱ ምስክርነት ሲጋጭ ሆድ ይታወካል። ነጂው ግን መንገዱን ያያል፤ ከዚህም በላይ መሪውን የሚያዞረው እርሱ ስለ ሆነ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል። በጣርማበር ጠመዝማዛ ላይ ረዳቱ ለተሳፋሪው ሁሉ ፌስታል ሲያድል ለሾፌሩ የማይሰጠው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ መጽሐፉንና ስልኩን አጥፎ ከፊት ቢቀመጥ፥ ሩቁንም ቢመለከት የሕመሙን ብዙውን ክፍል ያስቀረዋል።

ስለ ጩኸትም አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የሥራ ጤና ዐዋቂዎች 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ብዙዎቹ እንደሚያሰሉት በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ጣራው ተከፍቶ በፍጥነት የሚሄድ ሰው የጆሮ መድፈኛ ቢያደርግ ፈሪ ሊባል አይገባውም።

አሁን የቀረን ከሁሉ የከበደው ነገር ነው፤ እርሱም ደካማ ሰው ደካማ መሆኑን አለማወቁ ነው። በ1952 በፈረንሳይ አገር በሌማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ፒየር ሌቬግ የተባለው ፈረንሳዊ፥ ተተኪው ተዘጋጅቶ ሳለ መሪውን አልሰጥም ብሎ ታልቦቱን ከ22 ሰዓት በላይ ብቻውን ነዳ። በብዙ ዙር እየመራ ሳለ ፍጻሜው አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ። አንዳንዶች በድካም ማርሽ ተሳስቶ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሞተሩ አስቀድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፥ ያልለቀቀውም ይህን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንፈርድም። ከሁለት ዓመት በፊት በ1950 ኤዲ ሆል በዚያው ውድድር አሮጌ ቤንትሌ ይዞ 24ቱን ሰዓት ብቻውን ነድቶ 8ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር ነው አይባልም። ነገር ግን የሚቻል መሆኑን ነጂው ራሱ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በሌማን አንድ ነጂ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፥ በጠቅላላውም ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ደንብ ይከለክለዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የከባድ መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ይገደዳል። ደንቦቹ ሾፌሩን «ደክሞሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁትም።

እንቅልፍ የሚያይልበት ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት፥ ደግሞም ከቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ በተደረገው ምርመራ፥ መስኮት መክፈትና ራዲዮ ማስጮህ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚረዱ፥ ቡና ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ማሸለብ ግን በውነት እንደሚጠቅም ተገኝቷል። ቡናው ኀይሉን የሚያሳየው ከተጠጣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቈይቶ ስለ ሆነ ሰውየው ሲነቃ ይደርስለታል። ሞስ በዚያ ውድድር ፋንጂዮ የሰጠውን እንክብል ውጦ እንደ ነበር ራሱ በኋላ ተናግሯል፤ በእኛ አገር ሌሊት የሚነዱ ሾፌሮች በጫት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከተባለው መድኀኒት ጋር የሚቀራረብ ነው። እንቅልፉን ግን አይከፍለውም፤ ለሌላ ሰዓት ያስተላልፈዋል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ዕዳው የሚጠየቀው በመሪው ላይ ነው።

የደሴውን መንገድ በሚመጣው ዕረፍት እንደገና ለመሄድ አስበናል። የዛሬ ስልክ መናወጥን የሚለካ መሣሪያ በውስጡ ስላለው፥ አንዱን መካከል ባለው ወንበር፥ አንዱን ከኋላ ጐማ በላይ፥ አንዱን ከሾፌሩ አጠገብ አስረን በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ያለውን ክፍል ለይተን ለመመዝገብ እንሞክራለን። ከፊዚክስ ክፍል መምህራን መካከል ቍጥሩን ለመተንተን የሚረዳን ቢገኝ ደስ ይለናል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን ግን ገና አልተስማማንም።