ኩላሊትን ለማናውቀው ሰው

ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሰው የደም እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አገልግሎቱን በቅርብ ለማያገኝ የደንዲ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም፤ ከጊንጪ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ የአስታማሚ ስንቅ፣ የማደሪያ ኪራይ፣ ጦሙን ያደረ እርሻ። ይህን የሚያዩ ወጣቶች «አላህ ሁለት ኩላሊት ሰጥቶን የለም ወይ? አንዱን ለማናውቀው ሰው ብንሰጥስ?» ብለው ቢጠይቁ በቁም ነገር ልንመልስላቸው ይገባል።

በሕክምና በኩል ይቻላል። በ1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ የተሳካው የመጀመሪያ ንቅለ ተከላ በመንታ ወንድማማቾች መካከል ነበር። ዛሬ ግን ተቀባዩ ዕድሜ ልኩን በሚወስደው መድኃኒት እየታገዘ የባዕድ ሰው ኩላሊትም ይሠራል። እንዲያውም በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የሚቺጋን ሰው ኩላሊቱን ለማያውቃት ሴት ሰጠ፤ ደሙ ከሚስቱ ጋር ያልተስማማው ባሏ ደግሞ የራሱን ለሌላ በሽተኛ ሰጠ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ 10 ሰዎች ኩላሊት አገኙ።

ሰጪውስ? የቀረው ኩላሊት ጎልብቶ የሁለቱን ሥራ አብዛኛውን ይሸፍናል። ቢሆንም ቀዶ ጥገና ነውና በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች 3 ያህሉ ሞተዋል። በኋላ ዘመን የራስ ኩላሊት የመድከም ዕድልም ትንሽ ይጨምራል፤ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊትም እንዲሁ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በአብዛኛው ከመጀመሪያው አይፈቀድለትም።

በሸሪዓ በኩል ዑለማዎች አንድ ድምፅ አይደሉም። የግብጹ ሸይኽ ሙሐመድ ሙተወሊ አሽ-ሸዕራዊ አካል የአላህ ንብረት ስለሆነ ሰው ሊሰጠው አይችልም ይሉ ነበር። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው አራተኛ ጉባኤ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ካመዘነና የሰጪው ሕይወት ለአደጋ ካልተጋለጠ ፈቅዷል። ልብን የመሰለ ሕይወት የተመሠረተበት አካል ከሕያው ሰው መውሰድ ክልክል ነው። የሰውን አካል መሸጥም አይፈቀድም።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሲጀመር (የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም አግዘዋል) ለጋሹ የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ እንዲሆን ተደነገገ። ለባዕድ ልስጥ የሚለው በጎ ወጣት ውጪ ቀረ። ይህ ብዙዎችን ያሳዝናል፤ እኛ ግን ምክንያቱ ይገባናል። ዕዳ ያስጨነቀው የቀን ሠራተኛና ገንዘብ ያለው በሽተኛ ሐኪም ፊት ቀርበው «ወዳጆች ነን፣ ለአላህ ብዬ ነው» ቢሉ ከጀርባ የተቆጠረውን ብር ማን ያያል? ሶደቃ የተባለው ንግድ ሆኖ ያርፈዋል።

ዘመድ መሆኑ ብቻ ግን ግፊትን አያስቀርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ «አንቺ አላገባሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ለወንድምሽ ስጪ» ሲባል እህት እሺ ብትል ፈቃዷ ነውን? በእኛ እምነት አይደለም። እናት አባቶች ሆይ፣ ጥያቄውን ለብቻዋ፣ ሐኪም ባለበት፣ እንቢ ማለት በምትችልበት ሁኔታ አቅርቡላት። በብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከሎች መስጠት ያልፈለገን ሰው ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ «አይመችም» ብቻ ብለው ምስጢሩን ይጠብቁለታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ19ኛው አንቀጽ ሰው አካሉን ለመስጠት የገባውን ቃል በማናቸውም ጊዜ እንዲያነሣ ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ በቃሉ ተማምኖ ያወጣውን ወጪ ግን ይካሳል። ስለዚህ «ቃልሽን አጠፍሽ» ብሎ ማሳደድ በሕግም ቦታ የለውም።

ለባዕድ ለመስጠት ልቡ የተነሣ ወጣት ዛሬውኑ ደም መስጠት ይችላል። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። በረመዷን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ ማድረጉ ለሰውነቱ ይቀላል። በዚያውም ግፊቱን ያስለካ፤ ለወላጆቹም ስኳራቸውን ያስመርምርላቸው፤ ኩላሊትን በብዛት የሚያደክሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።