ባሕሩን ሳያዩ ያለቀ ገንዘብ

ስለ ጀርመን ስደተኞች ሲወራ ሁሌ ቀድሞ የሚመጣው መርከቡ ነው፤ ማዕበሉ፣ በሽታው፣ ከዛ አሜሪካ። ግን እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ደቡብ ጀርመን መንደር ውስጥ ያለ ገበሬ ባሕር የት ያገኛል? ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ወደብ እስኪደርስ ሳምንታት ይጓዛል። የብዙዎቹ ዕጣ የተወሰነው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1750 ወደ ፔንሲልቬንያ የሄደው መምህር ጎትሊብ ሚተልበርገር ጉዞውን ጽፎት አልፏል። ከሃይልብሮን ተነስቶ በኔካርና በራይን ወንዞች ሆላንድ ለመድረስ ጀልባው 36 የቀረጥ ኬላዎችን ማለፍ ነበረበት። ሁሉም ጋ ቆሞ መፈተሽ ግድ ነው፤ ፍተሻው ደግሞ የሚካሄደው ሹሞቹን ሲመቻቸው ነው። የወንዙ ጉዞ ብቻ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅ ነበር። ሆላንድ ሲደርሱም መርከቡ ወዲያው አይነሳም፤ ሌላ 5 ወይም 6 ሳምንት ይጠበቃል። ኑሮው ውድ ስለሆነ ድሃው የያዛትን እዚያው ይጨርሳል።

ገንዘቡ ያለቀበት ሰውስ? በዱቤ ይሳፈራል። ፊላደልፊያ ሲደርስ ዕዳውን የከፈለለትን ሰው ለዓመታት ያገለግላል። ኬላ ላይ የባከነው ቀን አሜሪካ ላይ በጉልበት ተከፈለ ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱን የቀየረው ጭነት ነው። የአሜሪካ ጥጥ ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ሃቭር ወደብ ይራገፍና በጋሪ ወደ አልዛስ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ጋሪው ባዶውን ከሚመለስ ሰው ቢጭን ይሻለዋል፤ መርከቡም እንደዚያው። ስለዚህ የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ቤተሰቦች ፈረንሳይን አቋርጠው ወደ ሌ ሃቭር ይወርዱ ጀመር። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ስለ መልስ ጭነት ዋጋ ስንማር እንቅልፌ ይመጣ ነበር፤ ይህን ታሪክ ቢነግሩን ኖሮ አልተኛም።

በሰሜን ደግሞ ብሬመን ከአሜሪካ ትምባሆ ታስገባለች፤ ለመልሱ የሚጫን ነገር ትፈልጋለች። በ1832 ባወጣችው ሕግ መርከቦች ለ90 ቀን የሚበቃ ስንቅ እንዲይዙና የተሳፋሪ ዝርዝር እንዲያቀርቡ አስገደደች። በ1851 ደግሞ መንገደኛውን ከአጭበርባሪ ደላላ የሚጠብቅ የመረጃ ቢሮ ተከፈተ። ደግነት ብቻ አይምሰላችሁ፤ መንገደኛ ያመነው ወደብ ገበያ አለው።

ከዛ ባቡር መጣ። በ1847 ብሬመን ከሃኖቨር ጋር በሐዲድ ተገናኘች። በሳምንት የሚቆጠረው መንገድ በቀን መቆጠር ሲጀምር፣ መንገድ ላይ የሚታደረው ሌሊትና የሚገዛው ዳቦም ቀነሰ። ለገበሬ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከመርከብ ሲወርድ ኪሱ ውስጥ የምትቀር ገንዘብ ናት።

ዛሬ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም በመርከብ ዝርዝር ላይ የሚፈልጉ ብዙ አሜሪካውያን አሉ። ዝርዝሩ የሚጀምረው ግን ወደቡ ላይ ነው። ከመንደር ወጥቶ ገንዘቡ መንገድ ላይ አልቆ የተመለሰ ሰው ስሙ እዚያ የለም።